ሥዕሉ እዚህ፥ ሥራው እዚያ፤ ከሩቅ ኮምፒዩተር መስኮት የመክፈት ታሪክ

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል የደረሰ አንድ ነገር ነው። አንዲት የክፍል ጓደኛችን ለዚህ የበዓል መጽሔት የሚሆን፥ የጨፋን ሜዳና የቦርከናን ወንዝ የሚያሳይ ካርታ ትሥል ነበር። የተቀመጠችበት ኮምፒዩተር አሮጌና ደካማ ስለ ሆነ የመሣያው ፕሮግራም የሚሠራው በዚያ ሳይሆን በመምህራን ክፍል በሚገኘው ብርቱ ኮምፒዩተር ላይ ነበር፤ እርሷ ዘንድ የሚደርሰው ሥዕሉ ብቻ ነው። ሁለቱም ኮምፒዩተሮች ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት የሚሠሩ ሲሆኑ ግድግዳ አልፎ በሚሄድ ኬብል ተገናኝተዋል። ልጅቱ ሁለት ሰዓት ያህል ከደከመች በኋላ መብራት ጠፋ። ብርቱው ኮምፒዩተር ባትሪ ስላለው አልጠፋም። መብራት ተመልሶ አሮጌው ሲነሣ ግን ካርታው የለም።

«ቲቸር፥ ፕሮግራሙ ያለው እዚያኛው ኮምፒዩተር ላይ ነው ብለውን አልነበር? እሱ ደግሞ አልጠፋም። ታዲያ ካርታዬ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች።

መምህራችን ጥቂት ዝም ብለው፥ «ፕሮግራሙስ አልጠፋም ነበር፤ የሚሥልበት ስክሪን ጠፋበትና ሞተ» አሉ።

ይህ መልስ ለብዙዎቻችን እንቆቅልሽ ሆነብን። እኔም ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ስል ታሪኩን ማንበብ ጀመርሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው ያገኘሁትንና ከመምህራችን ጋር በተግባር የፈተንነውን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ያልሁት የአገራችንን፥ እ.ኤ.አ. ያልሁት የአውሮፓውያንን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ከሩቅ ያለውን ነገር ወደ ቅርብ ማምጣት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1894 እ.ኤ.አ.፥ አዲስ አበባን ከሐረር ጋር የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሥራ ተጀመረ። ስልክ ሁለት አቅጣጫ ያለው መንገድ ነው፤ የሚናገርም የሚመልስም አለ። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በ1997 ዓ.ም.፥ በመላው አገሪቱ በሚገኙ በመቶ የሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን «ፕላዝማ» ብለው ያስታውሱታል። ትምህርቱ በመጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ሲሆን አስተማሪው ከስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ጥያቄም ይጠይቃል። ነገር ግን የተማሪው መልስ ወደ እርሱ የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ሥዕሉ ያልፋል። አንድ ዘመዴ ሲያጫውቱኝ፥ «አስተማሪው ‘ገባችሁ?’ ይለናል፤ እኛም ‘አልገባንም!’ ብለን እንጮኻለን፤ እሱም ‘ጎበዞች!’ ብሎ ይቀጥላል» ብለውኛል። ምናልባት ለሣቅ ጨምረውበት ይሆናል፤ ነገሩን ግን በደንብ ይገልጸዋል። ፕላዝማ ባለ አንድ አቅጣጫ ሥዕል ነበር።

በጓደኛችን ስክሪን ላይ የነበረው ሥዕል ግን እንደ ስልኩ ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው። ሥዕሉ ከሩቅ ይመጣል፤ የእጇ እንቅስቃሴ ደግሞ ወደ ሩቅ ይሄዳል። ይህን ያስገኘው ሥርዓት «ኤክስ» ይባላል። ደስ የሚያሰኘው ነገር፥ ኤክስም የተወለደው ለተማሪዎች ተብሎ ነው።

በ1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (በአጭሩ ኤም.አይ.ቲ.) «አቴና» የተባለ ትልቅ የትምህርት ሥራ ጀመረ። ዓላማው ማንኛውም ተማሪ በግቢው ውስጥ ካለው ከማንኛውም ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የራሱን ሥራ እንዲያገኝ ነበር። ገንዘቡንና መሣሪያውን የሰጡት ዲጂታል ኢኩዊፕመንትና አይ.ቢ.ኤም. የተባሉት ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች ናቸው። ችግሩ ከዚህ ተነሣ። የአንዱ ኩባንያ መሣሪያ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ በአንደኛው የተጻፈ ፕሮግራም በሁለተኛው ስክሪን ላይ አይሥልም። እንግዲህ ስክሪኑን ከፕሮግራሙ የሚለይ፥ በሁለቱም መካከል የታወቀ ቋንቋ የሚያኖር ነገር አስፈለገ።

በዚያው ተቋም ሮበርት ሻይፍለር የተባለ ባለሙያ በአያሌ ኮምፒዩተሮች ላይ ተከፋፍሎ የሚሠራ ሥርዓት ሲያዘጋጅ፥ የእያንዳንዱን ክፍል አሠራር የሚያይበት መስኮት ያስፈልገው ነበር። የአቴናው ጂም ጌቲስም ለተማሪዎቹ ተመሳሳይ ነገር ይፈልግ ነበር። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ «ቪ» የተባለ ሥርዓት ነበረ፤ ለእርሱም የተሠራው የመስኮት ሥርዓት «ደብልዩ» ተባለ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ደብልዩ ቪን ይከተላልና። ፖል አሰንቴና ብራያን ሪድ የተባሉ ሰዎች ደብልዩን ዩኒክስ ወደተባለው ሥርዓት አሻግረው ለኤም.አይ.ቲ. ሰጡ። ሻይፍለር አሠራሩን ለወጠውና በሰኔ ወር 1984 እ.ኤ.አ. ለባልደረቦቹ ሲያስታውቅ ከደብልዩ የሚቀጥለውን ፊደል ሰጠው፤ ስሙ ኤክስ ሆነ። ከለ ቀጥሎ ሐ እንደ ማለት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሻይፍለር የለወጠው ነገር ምን ነበር? በደብልዩ ፕሮግራሙ «መሥመር ሥል» ብሎ ሲልክ መልስ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ይልካል። ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ አንዱ ጭነት መድረሱ እስኪነገረው ድረስ ሁለተኛውን የማይጭን ቢሆን ቀኑ በከንቱ ይመሻል። ኤክስ ግን ጭነቱን እያከታተለ ይሰድዳል፤ መልስ የሚጠብቀው መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሲሆን ብቻ ነው። ይህ ጥበብ ሥርዓቱን ፈጣን አደረገው።

ኤክስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ታደሰ። አሥራ አንደኛው እትም በመስከረም ወር 1987 እ.ኤ.አ. ወጣ። የሚያስደንቀው፥ ዐሥራ ሁለተኛ እትም እስከ ዛሬ አልወጣለትም፤ አሮጌው ኮምፒዩተራችን የሚናገረው ቋንቋ በመሠረቱ ያው የ1987ቱ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ሲያወጣ፥ ኤክስን ከርካሽ ኮምፒዩተሮች ጋር የሚያስማሙ ሰዎች ወዲያው ተገኙ። «ኤክስ ፍሪ 86» የተባለው ማኅበር ከ1992 ጀምሮ ይህን ሲሠራ ቆየ፤ በ2004 በፈቃድ ውል ምክንያት ክርክር ተነሥቶ ብዙዎቹ «ኤክስ ኦርግ» ወደተባለው ተሻገሩ።

አሁን ተማሪዎችን ሁሉ ግራ ወደሚያጋባው የስም ነገር ልምጣ። በሌላው የኮምፒዩተር ዓለም «ሰርቨር» ማለት በሩቅ ያለው ብርቱው፥ «ክላየንት» ማለት በፊታችን ያለው ደካማው ነው። በኤክስ ግን ተገልብጧል። በፊታችን ያለው ስክሪን ሰርቨር ይባላል፤ በሩቅ የሚሠራው ፕሮግራም ክላየንት ነው። እኔ ነገሩን በሻይ ቤት መስዬ ነው የተረዳሁት። ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ሻይ ቤቱ ነው፤ ይህ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ማውሱ ነው። ፕሮግራሙ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው፤ ምንም ባለጸጋ ቢሆን ጠረጴዛ የሚለምን እርሱ ነው። የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ባለ ሻይ ቤቱ ነው። ይህን የጨበጠ ሰው ግንኙነቱ እምቢ ሲል ጥፋቱ በየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ይችላል። እኛ ይህን ሳናውቅ ሦስት ሳምንት ያህል በተሳሳተው ኮምፒዩተር ላይ ስንፈልግ ኖረናል።

የመጀመሪያው መሰናክላችን አድራሻ ነበር። በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራም ስንጠራ «ዲስፕሌዩን መክፈት አልቻልሁም» የሚል መልስ ይመጣል። «ዲስፕሌይ» ማለት ፕሮግራሙ የት ሄዶ እንዲሥል የሚነገርበት አድራሻ ነው፤ የኮምፒዩተሩ ስም፥ ከዚያ ሁለት ነጥብ፥ ከዚያ የስክሪኑ ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ሸዋ ሮቢትም ጨፋ ሮቢትም አሉ። አንድ ሰው በጥቅሉ «ሮቢት» ብሎ ዕቃ ቢልክ ዕቃው መጀመሪያ ወደሚገኘው ሮቢት መውረዱ አይቀርም። በዲስፕሌይም እንዲሁ ነው። የኮምፒዩተሩ ስም ተትቶ ሁለት ነጥቡና ዜሮው ብቻ ከተጻፈ፥ ፕሮግራሙ «እዚሁ» የተባለ መስሎት በራሱ ኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ይከፈታል።

ይህንን በተግባር አይተነዋል። ግንኙነትን ለመፈተን የተለመደ «ኤክስ አይስ» የተባለ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይሥልና ማውሱ ወደሄደበት ይመለከታል። ለፈተና ጥሩ የሆነበት ምክንያት ሁለቱን አቅጣጫ ባንድ ጊዜ ስለሚያሳይ ነው፤ ዓይኖቹ ከታዩ ሥዕሉ መጥቷል፤ ዓይኖቹ ከዞሩ የማውሱ ወሬ ሄዷል። እኛ ጠርተነው በፊታችን ምንም አልታየም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመምህራን ክፍል ፈተና በማረም ላይ የነበሩ አንድ መምህር፥ «ይህ የሚያየኝ ማነው?» እያሉ ወጡ። ዓይኖቹ እዚያ ተከፍተው ኖሯል። በዚያን ጊዜ ሁላችንም በአንድ የተጠቃሚ ስም እንገባ ስለ ነበር የከለከለን አልነበረም።

አድራሻው ከተቃና በኋላ የበር ጉዳይ መጣ። የኤክስ ሰርቨር ከኔትወርክ እንግዳ የሚቀበለው በ6000 ቁጥር በር ነው፤ ሁለተኛ ስክሪን ካለ 6001 ይሆናል። በዱሮ ጊዜ ይህ በር ክፍት ነበር። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ኤክስ ኦርግ በሩን ዘግቶ ይነሣል፤ ካላዘዙት አይከፍትም። በድሮ መጻሕፍት የተጻፈውን መመሪያ ቃል በቃል ተከትሎ የማይሳካለት ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው። አድራሻው ትክክል፥ ኬብሉ ደኅና፥ በሩ ግን ዝግ።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፥ ምክንያቱም ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። «ኤክስ ሆስት» የሚባል ትእዛዝ አለ። ከእርሱ ቀጥሎ የመደመር ምልክት ከተጻፈ ሰርቨሩ ማንንም ሳይጠይቅ ያስገባል። ችግሩ ወዲያው ስለሚወገድ እኛም ተደስተን ነበር። መምህራችን ሲያዩ ግን ተቆጡ። በኤክስ ሕግ አንድ ጊዜ የገባ እንግዳ የሌሎቹን መስኮቶች ሊያይ፥ የሚጻፈውንም ፊደል ሁሉ ሊያነብ ይችላል። የይለፍ ቃል የሚጽፍ ሰው ቃሉን ለእንግዳው እንደ ነገረው ይቆጠራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ለዚህም መድኃኒት እንዲሆን «ኩኪ» የተባለ ምሥጢራዊ ቁጥር ተሠራ፤ 128 ቢት ርዝመት ያለው ሲሆን በተጠቃሚው ማኅደር ውስጥ በተሰወረ ፋይል ይቀመጣል። ቁጥሩን የያዘ ፕሮግራም ይገባል፤ ያልያዘ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ስሕተት፥ ሰው በአንድ ስም ገብቶ ሳለ በሌላ ስም፥ ለምሳሌ በአስተዳዳሪው ስም፥ ፕሮግራም ሲጠራ ነው። አዲሱ ስም ኩኪው በእጁ ስለሌለ እንግዳው በር ላይ ይቀራል። ይህም የሚመስለው የኬብል ብልሽት ነው፤ እኛም ኬብሉን ሁለት ጊዜ ለውጠናል።

ይሁን እንጂ ኩኪውም በኔትወርኩ ላይ ሳይሸፈን ይጓዝ ስለ ነበር መንገድ ላይ የሚያደባ ሰው ሊሰርቀው ይችል ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሰው ተገኘ። በዚያው ተመራማሪ የነበረው ታቱ ዩሎነን በዚህ ተነሣሥቶ «ኤስ ኤስ ኤች» የተባለውን መገናኛ ሠራ። ይህ መገናኛ የሚያልፍበትን ሁሉ በምሥጢር ጽሑፍ ይሸፍናል፤ ከዚህም በላይ የኤክስን መስኮት በውስጡ ሸሽጎ ማሳለፍ ይችላል። በ1999 እ.ኤ.አ. «ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች» የተባለው ነፃ እትም ወጥቶ በሊኑክስ ዓለም ሁሉ ተሠራጨ።

የኤስ ኤስ ኤች አሠራር እንዲህ ነው። ከትእዛዙ ጋር ትልቁን ኤክስ ፊደል ጨምሮ ወደ ሩቁ ኮምፒዩተር የገባ ሰው፥ እዚያ አንድ የውሸት ስክሪን ይዘጋጅለታል፤ ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ይጀምራል። ፕሮግራሙ ለዚህ ስክሪን ይሥላል፤ ኤስ ኤስ ኤች ሥዕሉን ተቀብሎ በተሸፈነው መንገድ ወደ እውነተኛው ያደርሰዋል። አድራሻውንም ኩኪውንም ራሱ ያዘጋጃል። እኛ ግን ያንን የዱሮ ልማድ አልለቀቅንም ነበር፤ ከገባን በኋላ አድራሻውን በእጃችን ደግመን እንጽፋለን። በዚህም ኤስ ኤስ ኤች የሠራልንን ደምስሰን ፕሮግራሙን ወደ ዝጉ በር እንሰድደው ነበር። መምህራችን ይህን ያወቁት «እስቲ ምንም ሳትነኩ ሞክሩ» ብለው ነው። ዓይኖቹ ወዲያው ተከፈቱ።

ከዚያ በኋላም ያጋጠሙን ጥቂት ነገሮች አሉ። በሩቁ ኮምፒዩተር የኤስ ኤስ ኤች ደንብ ፋይል ውስጥ ኤክስን ማሳለፍ የተከለከለ እንደ ሆነ የውሸቱ ስክሪን አይዘጋጅም፤ አድራሻውም ባዶ ሆኖ ይገኛል። ኩኪውን የሚጽፈው «ኤክስ ኦዝ» የተባለው ትንሽ ፕሮግራም እዚያ ካልተጫነም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ እምቢ አለን፤ ምክንያቱ ዲስኩ በፊልም ተሞልቶ ለኩኪው የምትሆን ቦታ አለመኖሯ ነበር። ፊልሙን ማን እንደ ጫነው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በአንዳንድ አደራረግ ደግሞ በትልቁ ኤክስ ፊደል የተሰጠው ፈቃድ የሚቆየው 20 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የተከፈተው መስኮት ይሠራል፥ አዲስ መስኮት ግን አይከፈትም። ይህን የማያውቅ ሰው ኮምፒዩተሩ የሚያሾፍበት ይመስለዋል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ አንድ ችግርም ነበረ። በቀድሞው የኤክስ አሠራር ፕሮግራሙ «ይህን ፊደል ጻፍ» ብሎ ያዝዛል እንጂ የፊደሉን ቅርጽ አይልክም፤ ቅርጹ መገኘት ያለበት በስክሪኑ በኩል ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ከሩቅ ሲከፈት፥ በፊት ያለው ኮምፒዩተር የግዕዝ ፊደል ከሌለው በምትኩ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት ሁሉ በቁጥር በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትም ነው። በዚያው ዘመን አካባቢ አዲስ አሠራር መጥቶ የፊደሉን ቅርጽ ፕሮግራሙ ራሱ ሠርቶ መላክ ጀመረ። ስለዚህ በዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ሳጥን ከታየ ፊደሉ የሚጎድለው በሩቁ ኮምፒዩተር ነው፤ በአሮጌዎቹ ደግሞ በቅርቡ። ያው የሻይ ቤቱ ጥያቄ ነው፤ ስኳሩን የሚያመጣው እንግዳው ነው ወይስ ባለቤቱ?

ስለ ርቀትም ጥቂት ልበል። ፕላዝማው የተጠቀመበት ዓይነት ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ሥዕሉ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ይህን መዘግየት በክፍል ውስጥ ያስተዋለ አልነበረም፤ መልስ የሚልክ ስላልነበረ። ባለ ሁለት አቅጣጫ መስኮት በዚያው መንገድ ቢሄድ ግን ማውሱን ተጭኖ ውጤቱን ለማየት ግማሽ ሰከንድ ይጠበቃል። ሻይፍለር ጭነቱን አከታትሎ የመላክ ዘዴ ቢያበጅም፥ በኋላ የመጡት ፕሮግራሞች ጥያቄ እያበዙ ሄዱ፤ አንድ መስኮት ለመክፈት በመቶ የሚቆጠር ጥያቄ የሚልኩ አሉ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ይህ አይሰማም፤ ከከተማ ከተማ ሲሆን ግን ኮምፒዩተሩ የታመመ ይመስላል። በ2003 እ.ኤ.አ. ኖማሽን የተባለ የጣልያን ኩባንያ ጥያቄዎቹን በየአካባቢው የሚመልስና ሥዕሉን የሚጠቀልል «ኤን ኤክስ» የተባለ መሣሪያ አወጣ። ይህ ችግሩን በብዙ አቃለለው።

ኤክስ ለድኻ ትምህርት ቤቶች የሰጠው አገልግሎት ተለይቶ ሊነገር ይገባል። በ1999 እ.ኤ.አ. ጂም ማክዊላን የተባለ አሜሪካዊ «ኤል ቲ ኤስ ፒ» የተባለ ሥራ ጀመረ። አንድ ብርቱ ኮምፒዩተር ይገዛል፤ በዙሪያው የተጣሉ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ዲስክ እንኳ ሳይኖራቸው ከኔትወርኩ ይነሡና ስክሪን ብቻ ይሆናሉ። የእኛም አደራረግ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። በሌላ በኩል የኤክስ አባት ከሆኑት አንዱ ጂም ጌቲስ፥ ለሕፃናት ርካሽ ላፕቶፕ በሚያዘጋጀው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ድርጅት የሶፍትዌር ሥራ ኀላፊ ሆነ። እነዚያ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች በሊኑክስና በኤክስ የሚሠሩ ነበሩ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማም በሺህ የሚቆጠሩት ወደ አገራችን ገብተው ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ታድለዋል። በአቴና ለአንድ ሀብታም ግቢ የተጀመረው ሥርዓት በሃያ አራት ዓመት ገደማ ውስጥ በኢትዮጵያ ሕፃናት ጉልበት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. ክርስቲያን ሆግስበርግ «ዌይላንድ» የተባለ አዲስ የመስኮት ሥርዓት ጀመረ። ዛሬ ብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ይህን ቀድመው ያቀርባሉ። ዌይላንድ አንዱ እንግዳ የሌላውን መስኮት እንዳያይ ይከለክላል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከሩቅ መሣልን ከመሠረቱ አላካተተም፤ ለዚህ ሌላ መሣሪያ ያስፈልገዋል። የኤክስ ፕሮግራሞች እንዳይቀሩ «ኤክስ ዌይላንድ» የተባለ አስተርጓሚ በውስጡ አለ፤ በእርሱ በኩል የኤስ ኤስ ኤቹ ዘዴ ይሠራል። ለዌይላንድ ብቻ የተጻፈ ፕሮግራም ግን በኤክስ መንገድ አይመጣም። እኔ በግሌ ይህ የሚያሳዝን ይመስለኛል፤ መምህራችን ግን «የማትጠቀምበትን በር መዝጋት ምን ያሳዝናል?» ይላሉ። በዚህ አልተስማማንም።

አሁን ወደ ጓደኛችን ካርታ ልመለስ። የኤክስ ፕሮግራም መስኮቱን የሚያኖረው በስክሪኑ ወገን፥ በሻይ ቤቱ ውስጥ ነው። ስክሪኑ ሲጠፋ መስኮቱም አብሮ ይጠፋል፤ መገናኛው መቆረጡን ያወቀ ፕሮግራም ደግሞ በልማዱ ራሱን ዘግቶ ይወጣል፤ ያልተቀመጠ ሥራም አብሮት ይሄዳል። ወደ ሌላ ጠረጴዛ መዛወርን አልተማረም። መምህራችን «ስክሪኑ ጠፋበትና ሞተ» ያሉት ይህንን ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከእንግሊዝ አገር ነው። በካምብሪጅ በኦሊቬቲ የምርምር ክፍል የነበሩ ባለሙያዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. «ቪ ኤን ሲ» የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። በዚህ አሠራር ሻይ ቤቱም እንግዳውም በሩቁ ብርቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ይኖራሉ፤ በፊታችን ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር በመስኮት አሻግሮ እንደሚመለከት ሰው ሥዕሉን ብቻ ያያል፤ እጁንም በመስኮቱ አሳልፎ ይሠራል። ሥዕሉ እንደ ኤክስ ጥርት ያለ አይደለም፤ ኔትወርኩንም ያስጨንቃል። ነገር ግን ተመልካቹ ቢጠፋ በውስጥ ያሉት አያውቁም።

ጓደኛችን ካርታውን እንደ ገና ከመጀመሪያው ሣለችው፤ በዚህ ጊዜ በቪ ኤን ሲ፥ እርሱንም በኤስ ኤስ ኤች ሸፍነን። የቦርከናን ጥምዝምዝ በመሣል ላይ ሳለች መብራት እንደ ገና ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ማንም አልተናገረም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲመጣ አሮጌውን ኮምፒዩተር አስነሥታ የይለፍ ቃሏን ጻፈች፤ ወንዙ እጇ ባቆመበት ቦታ ላይ ግማሹ ተሥሎ ቆይቷታል። ካርታው በዚህ መጽሔት ታትሟል።